ሸጦ የወጣውም ከፈለ፦ የአይረን ማውንቴን ሂሳብ

የዕለቱ የቡናና የእህል ዋጋ እንደ ወትሮው ማታ ይለጠፋል። ይሄኛው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጣቢያ ወይም መጋዘን ለመግዛት ያሰበ ሰው ግን ቢያነበው አይጎዳም።

ነገሩ የጀመረው ከራሴ ኪሳራ ነው። ባለፈው ዓመት ይርጋጨፌ መስመር ላይ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አሻሻጥኩ። ሁለት ዓመት ቆሞ የነበረ ጣቢያ ነው። ማሽኑ ደህና፣ ማድረቂያ አልጋው ደህና፣ ለአስፋልትም ቅርብ። ቀብድ ተከፈለ፣ ውል ተፈረመ፣ እኔም ኮሚሽኔን ተቀበልኩ። ገዢው ሠራተኛ ይዞ ሲገባ ለካ የፍሳሽ ጉድጓዱ ግድግዳ ተደርምሶ ወደ ጅረቱ ሲወርድ ኖሯል። ከታች ያሉት ገበሬዎች መጥተው «ይሄ ሳይስተካከል አንድ ኪሎ እሸት አታጥቡም» አሉ። ሻጩ ጋ ብደውል «ወንድሜ፣ እኔ ሸጬ ወጥቻለሁ» አለኝ። ገዢው ደግሞ «ያመጣኸኝ አንተ ነህ» ብሎ ያዘኝ። መጨረሻ ላይ የኮሚሽኔን ግማሽ መለስኩና በዚያ ብር ጉድጓዱ ተጠገነ።

«ሸጬ ወጥቻለሁ» የምትለዋ ነገር ግን ከጆሮዬ አልጠፋችም። በኋላ የመዳብ ገበያን ሳነብ አንድ የተተወ ማዕድን ማውጫ ላይ ደረስኩ፤ እዚያም ሸጦ የወጣ ሰው ነበር። ቦታው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሬዲንግ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ተራራው አይረን ማውንቴን ይባላል።

ከ1860ዎቹ ጀምሮ እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ድረስ ከዚህ ተራራ ብረት፣ ብር፣ ወርቅ፣ መዳብና ዚንክ ወጥቷል። መቶ ዓመት ገደማ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የመዳብ ዋጋ ሲወጣ ቆፋሪው ያተርፋል፣ ሲወርድ ይከስራል፤ እኛ የምናውቀው ጨዋታ ነው። ቁፋሮው ሲቆም ዋሻው ክፍት ቀረ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ተራራው ውስጥ የቀረው ድንጋይ ፓይራይት ይባላል፣ ብረትና ድኝ የተጣበቁበት ነው። ተዳፍኖ እስከተቀመጠ ድረስ ብዙም ጉዳት የለውም። ዋሻ ሲበሳበት ግን አየርና የዝናብ ውሃ ይገባዋል፣ ባክቴሪያም ያፋጥነዋል፣ ድኙ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። አሲዱ ደግሞ መዳቡን፣ ዚንኩንና ካድሚየሙን እያሟሟ ቁልቁል ይወርዳል። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ንጹህ ውሃ 7 ነው፣ የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ። ቁጥሩ በአንድ በወረደ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይበረታል። አይረን ማውንቴን ውስጥ የተለካው ከዜሮ በታች 3.6 ነው! ተሳስቼ አልጻፍኩም፣ ነጌቲቭ ነው።

ያ ውሃ በጅረት ወርዶ ሳክራሜንቶ ወንዝ ይገባ ነበር። ሳልሞን የሚባለው ዓሣ የሚራባው እዚያ ወንዝ ላይ ነው፤ በተደጋጋሚ በብዛት አለቀ። የገበሬ ዩኒየን ወንድሞቼ ይቺን ልብ በሉልኝ፦ ከወንዙ በላይ ሻስታ የሚባል ትልቅ ግድብ አለ፣ የታችኛው ሸለቆ ገበሬ የሚያጠጣው ከእሱ ነው። የአሲዱን ውሃ ለማቆር በ1963 ሌላ ትንሽ ግድብ ተሠርቶ ነበር። ክረምቱ ሲበረታ ትንሹ ግድብ ሞልቶ ይፈስ ነበር። ያኔ ምን ያደርጉ ነበር? መርዙ እንዲቀጥን ከሻስታ ንጹህ ውሃ ይለቁበት ነበር። ለመስኖና ለመብራት የተጠራቀመ ውሃ መርዝ ማቅጠኛ ሆነ ማለት ነው። ገበሬው መዳብ አልሸጠም፣ ከትርፉም አልደረሰውም፤ ከውሃው ግን ተቀነሰበት።

እዚህ ላይ እኔም እንደ ነጋዴ የጠየቅኩት ነገር አለ። ውሃው ውስጥ መዳብ ካለ ለምን አውጥተው አይሸጡትም? ሞክረውታል። ውራጅ ብረት ውሃው ውስጥ ሲጨመር መዳቡ ብረቱ ላይ ይረጋል፤ ለረጅም ጊዜ እንዲህ እያደረጉ መዳብ ለቅመዋል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚወጣው መዳቡ ብቻ ነው። ዚንኩና ካድሚየሙ ከነአሲዱ መንገዱን ይቀጥላል። የሚሸጠው ተለቀመ፣ የማይሸጠው ለወንዙ ተተወ።

በ1983 የአሜሪካ መንግሥት ቦታውን ሱፐርፈንድ በሚባለው የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ጅረቶቹን ከተበከለው ቦታ አዞሩ፣ የተሰነጠቀውን መሬት ሸፈኑ፣ በ1994 ደግሞ ትልቁ የኖራ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አሲዱ ውሃ ላይ ኖራ ይጨመራል፣ አሲዱ ይሰበራል፣ ብረታ ብረቱ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል። ጭቃው ተጭኖ ተራራው አናት ላይ ወዳለው አሮጌ ጉድጓድ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ሥራ ወደ ወንዙ ይገባ ከነበረው ብረታ ብረት 95 በመቶ ያህሉ ቀርቷል።

ችግሩ ማቆሚያ የለውም። ተራራው ውስጥ ያለው ፓይራይት አልቆ አሲዱ እስኪደርቅ 3,000 ዓመት ገደማ እንደሚፈጅ አጥኚዎቹ አስልተዋል። ከዛሬ 3,000 ዓመት ወደ ኋላ ብትቆጥሩ አክሱምም ገና አልተቆረቆረችም። ያን ያህል ዘመን ኖራ የሚገዛ ሰው ያስፈልጋል።

ታዲያ ማን ይክፈል? ቁፋሮው ካበቃ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ስታውፈር ኬሚካል የሚባል ካምፓኒ የማዕድን ድርጅቱን ገዝቶ ነበር። በ1976 ተራራውን ለሌላ ሸጦ ወጣ። ካምፓኒው ራሱም በተራው ተሸጠ፣ እጅ በእጅ እየተላለፈ ሮን ፑላንክ የሚባል የፈረንሳይ ድርጅት ዘንድ ደረሰ፣ እሱም ተዋሕዶ አቬንቲስ ሆነ። መንግሥት በሰነድ እየተከተለ እዚያ ድረስ ሄደ። በ2000 ስምምነት ተደረገ፤ አቬንቲስ ወደ 160 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። በዚህ ገንዘብ ኢንሹራንስ ተገዛና ማጣሪያው ለ30 ዓመት እንዲሠራ ተደረገ። በ2030 ደግሞ ለቀጣዩ ዘመን 514 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት እንዲከፈል ታሰረ።

ሒሳብ የምትወዱ ይሄን አስሉት። 514 ሚሊዮን ዶላር ከ30 ዓመት በኋላ የሚከፈል ከሆነ፣ በዓመት 8 በመቶ ወለድ ብናስበው በ2000 ዋጋው 51 ሚሊዮን አካባቢ ነው። እኔ ያወጣሁት ስሌት ነው፣ ውላቸው ውስጥ ምን ወለድ እንደታሰበ አይደለም። ጊዜ ሲረዝም ትልቅ ዕዳ ዛሬ ትንሽ ይመስላል። ለዚህ ይመስለኛል ቆፋሪዎቹ መጀመሪያውኑ በወጪያቸው ውስጥ ያልያዙት። ለ100 ዓመት የተሸጠው መዳብ ሁሉ ዋጋው የጎደለ ነበር ማለት ነው፤ ገዢው ርካሽ አገኘ፣ ልዩነቱን ወንዙ ሸፈነ።

ኖራውን ሳነብ ደግሞ የኛው ገበሬ ትዝ አለኝ። አገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ በአሲድ የተጠቃ ነው እየተባለ ነው፤ ስንዴና ገብስ የሚያመርተው ገበሬ ኖራ በጊዜ አልደረሰልኝም እያለ ያማርራል። አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ካሊፎርኒያ ላይ ለጥፋት ማስተሰረያ ይገባል።

ወደ ማጠቢያ ጣቢያችን ስመለስ፣ የቡና ፍሳሽና የማዕድን ፍሳሽ እኩል አይደሉም። ገለፈቱና የማጠቢያው ውሃ ሲብላላ አሲድ ይሆናል፣ ፒኤቹ ወደ 4 ይወርዳል፣ ጅረቱን ያገማል፣ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል። ነገር ግን ማጠብ ካቆምን ይበሰብስና ያልፋል፣ 3,000 ዓመት አይጠብቀንም። ስለዚህ የኛ ወጪ ትንሽ ነው፤ ጉድጓዱ በደንብ ይቆፈር፣ ግድግዳው ይጠበቅ፣ ገለፈቱ ለብቻው ተከምሮ ኮምፖስት ይሁን። አሳፋሪው ይቺን ትንሿንም ለቀጣዩ ሰው መተዋችን ነው።

ከዚያ ወዲህ ጣቢያ ሳሻሽጥ ማሽኑን ከማየቴ በፊት ቁልቁል ወርጄ ከጅረቱ የሚቀዱትን ሰዎች እጠይቃለሁ። ውሉ ላይም ከርክክብ በፊት የነበረው ፍሳሽ የሻጭ ዕዳ መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ አስገባለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ ሰው፣ ጣቢያቸውን ሊሸጡ የመጡ፣ አንቀጹን ሲያነቡ ተቆጡ። «ልጄ፣ አንተ ደላላ ነህ ወይስ የአካባቢ ጥበቃ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ኮሚሽኔን እየጠበቅኩ ነው» አልኳቸው። ወረቀቱን ይዘው ሄዱ፤ እስካሁን አልደወሉም።