ጣፊያን ከፍሎ ማስቀረት



በወላይታ ቆላ፣ በአባያ ሐይቅ ዳርና በብላቴ ሜዳ፣ የልጅ ሆድ በግራ በኩል አብጦ ሲታይ «ወባ ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት እብጠቱ ካልጎደለ፣ ልጁም እየገረጣ፣ አፍንጫው እየነሰረና አጥንቱን እያመመው ወራት ካለፉ፣ ወደ ሶዶ ሆስፒታል ወስዶ ማስመርመር ይገባል። ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎም ከወላጆች የሚወረስ በሽታ ይሆናል።

ከነዚህ አንዱ የጎሼ በሽታ ነው። ፊሊፕ ጎሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1882 ስለ አንዲት ጣፊያዋ እጅግ ያበጠ የ32 ዓመት ሴት ሲጽፍ ነገሩ ዕጢ መስሎት ነበር። አልነበረም። በሰውነት ውስጥ አንድ ዓይነት ስብ የሚያፈርሰው ኤንዛይም ሲጎድል፣ ስቡ በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ይከማቻል። ጉድለቱን አባትም እናትም ሳይታመሙ ይሸከሙታል፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመሙ ዕድል ከ4 አንድ ነው። «የማን ኃጢአት ነው?» እያሉ እናቲቱን የሚያስጨንቁ ጎረቤቶች ቢኖሩ፣ እነርሱን መገሠጽ የሽማግሌዎች ፋንታ ነው።

ያበጠ ጣፊያ የደም ሴሎችን አጥምዶ ያጠፋል፤ ስለዚህ ቢወጣ ደሙ ይሻሻላል። ሆኖም ጣፊያ ደምን እያጣራ ተሕዋስያንን የሚይዝ ዘበኛ ነው። ጣፊያ የሌለው ልጅ የሳንባ ምች በሚያመጣ ባክቴሪያ ደሙ ተመርዞ በ1 ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ወባም ይበረታበታል። ለቆላ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ምክንያት ቀዶ ሐኪሞች ደም የሚደርሰውን ቁራጭ አስቀርተው የቀረውን ማውጣት ጀመሩ። ይሁን እንጂ የስቡ መከማቸት ስለማይቆም የተረፈው ቁራጭ እንደገና ሊያብጥ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የጎደለውን ኤንዛይም በደም ሥር መስጠት በአሜሪካ ተፈቀደ። መድኃኒቱ በየ2 ሳምንቱ ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ስለሆነ ዋጋው እጅግ ከባድ ነው፤ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ግን ጣፊያን መቅደድ ብዙም አያስፈልግም።

በየቀበሌው ስንዞር ሆዳቸው የተተኮሰ ልጆች አይተናል። መተኮሱ አይጠቅምም፤ ማሸትም ያበጠውን ጣፊያ ሊያፈነዳው ይችላል። ስንጸልይ እንኳ እጃችን ሆዱን አይጫን። ጣፊያው በሙሉ ወይም በከፊል የወጣለት ልጅ በአጥቢያችሁ ካለ፣ ክትባቱን መውሰዱንና በአጎበር ውስጥ መተኛቱን ተከታተሉ። ትኩሳት ከያዘው ሌሊትም ቢሆን ተሸክማችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ «ጣፊያው ወጥቷል» ብላችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ።