አምስት ፊደል፣ ስድስት ዕድል

ሃያ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት አምስት አምስት እየሆኑ እንደፈለጉ ቢደረደሩ 11,881,376 ድርድሮች ይወጣቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ቃል ተብለው መዝገበ ቃላት የሚገቡት አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። ከዘጠኝ መቶው አንዱ እንደማለት ነው። የቀረው ባዶ ነው፤ ባዶነቱ ግን ይጠቅማል። በአንድ ቃል ውስጥ አንድ ፊደል ብትሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ቃል ያልሆነ ነገር ስለሆነ አንባቢ ስሕተቱን ወዲያው ይይዘዋል። ድርድሩ ሁሉ ቃል ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ የፊደል ግድፈት ሌላ ትርጉም ይዞ ይመጣ ነበር።

ዎርድል የተባለው ጨዋታ የሚኖረው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። የዌልስ ተወላጁ የሶፍትዌር መሐንዲስ ጆሽ ዋርድል ኒው ዮርክ ብሩክሊን ተቀምጦ የሠራው ለፍቅር ጓደኛው ለፓላክ ሻህ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2021 ተጫዋቾቹ 90 ነበሩ፤ ጥር 2 ቀን 2022 ደግሞ 300,000 ደረሱ። በዚያው ጥር ማብቂያ ኒው ዮርክ ታይምስ ሰባት አኃዝ ባለው ዶላር ገዛው። ሕጉ ቀላል ነው። የተደበቀ ባለ አምስት ፊደል ቃል አለ፤ ስድስት ጊዜ መገመት ይፈቀዳል። ፊደሉ በቦታው ከሆነ አረንጓዴ፣ ቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታው ካልሆነ ቢጫ፣ ጭራሽ ከሌለ ግራጫ ይሆናል።

ለእኔ ከዋርድል ኮድ ይልቅ የሚያስገርመኝ የሻህ ሥራ ነው። ባለ አምስት ፊደሎቹን ቃላት አንድ በአንድ እያየች ሰው የሚያውቃቸውን መለየት የእርሷ ድርሻ ነበር። የመጀመሪያው የመልስ ዝርዝር በመጨረሻ 2,315 ቃላት ይዞ ወጣ። ይህ ማጣራት የፊደላቱን የኃይል አሰላለፍ ለወጠው። ባልተጣራው ሰፊ ዝርዝር ውስጥ «ኤስ» ከሁሉም በዝታ፣ «ኢ»ን ለጥቂት በልጣ ትገኛለች፤ ምክንያቱ ባለ አራት ፊደል ስም ሁሉ በ«ኤስ» ሲበዛ ባለ አምስት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ቁጥር ከመልሱ ዝርዝር ስለተነሣ ግን በ«ኤስ» የሚጨርሱት መልሶች 36 ብቻ ናቸው። በ«ኤስ» የሚጀምሩት ግን 366 ናቸው፤ በዚህ ከሁሉም ፊደል ትቀድማለች። ያቺው ፊደል መጀመሪያ ላይ ምርጥ ጥያቄ፣ መጨረሻ ላይ ግን የባከነ ዕድል ናት።

ጋዜጣና መጽሐፍ ውስጥ ፊደል የሚቆጥር ሰው ሌላ ውጤት ያገኛል። በተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከኢ ቀጥሎ «ቲ» ትመጣለች፣ «ኤች»ም ከፊተኞቹ መካከል ናት። ሁለቱን ከፍ የሚያደርጋቸው በየመስመሩ የምትደጋገመው «ዘ» የተባለችው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ናት። የቃሉ ርዝመት አምስት ነው ሲባል እርሷ ከነጓደኞቿ ትወጣለች፤ «ኤ»፣ «አር» እና «ኦ» ከ«ቲ» ይቀድማሉ፣ «ኤች» ደግሞ ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ «ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፊደል የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከየት እንደተቆጠረ ሳይነገር መልስ የለም።

ብዛት ብቻውን ግን አይበቃም። የቤል ላቦራቶሪው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሥራ መረጃን በቢት መለካት አስተማረ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ መልሱን አስቀድመህ የምታውቀው ጥያቄ ምንም አይነግርህም፤ «አዎ»ና «አይደለም» እኩል የሚጠበቁበት ጥያቄ ግን ሙሉ አንድ ቢት ይሰጥሃል። ኢ ከመልሶቹ ግማሽ በሚጠጉት ውስጥ ስላለች «ኢ አለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋው ወደ አንድ ቢት ይጠጋል። «ኪው» በ29 ቃላት ብቻ ስለምትገኝ ስለ እርሷ መጠየቅ በአማካይ ከቢት አንድ አሥረኛ በታች ያተርፋል። ብትገኝም «ዩ» ተከትላት እንደምትመጣ ከወዲሁ ይታወቃል።

2,315 እጩዎችን ወደ አንድ ለማውረድ 11.2 ያህል ቢት ያስፈልጋል። አንድ ግምት አምስት ፊደል በሦስት ቀለም ስለሚመልስ በስሌት 243 ዓይነት መልስ ሊኖረው ይችላል። ጥሩ መክፈቻ ቃል ከአምስት ተኩል በላይ ቢት ያመጣል፤ የመንገዱ ግማሽ በአንድ እርምጃ ማለት ነው። የኤም.አይ.ቲዎቹ ዲሚትሪስ በርትሲማስና አሌክስ ፓስኮቭ እ.ኤ.አ. በ2022 ጨዋታውን በኮምፒውተር እስከ ጥጉ ፈትሸው የተሻለው መክፈቻ «ሳሌት» እንደሆነ አረጋገጡ። ሳሌት የመካከለኛው ዘመን ወታደር የሚደፋው የራስ ቁር ነው። በእርሱ ጀምሮ ሳይሳሳት የሚጫወት በአማካይ በ3.42 ግምት ይጨርሳል። የሚገርመው፣ ቃሉ ራሱ ከመልሶቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። መልስ የመሆን ዕድል የሌለው ቃል ከሁሉ የተሻለ ጥያቄ ሆነ።

ተጫዋቾች የሚወድቁት ይህን ሲረሱ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ፊደላት «አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ» መሆናቸው ታውቆ የመጀመሪያዋ ብቻ ጠፋች እንበል። ኤይት፣ ፋይት፣ ላይት፣ ማይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ሳይት፣ ታይት፤ እነዚህ ስምንት እጩዎች ቀርተዋል እንበል። ሦስት ዕድል የቀረው ሰው አራት አረንጓዴ አይቶ ድል በእጄ ነው ብሎ አንድ በአንድ ከሞከረ ከስምንት አምስቱን ጊዜ ይሸነፋል። ብልኅ ግን አንዱን ዕድል ሠውቶ «ኤልፊን» ይላል። ቃሉ መልስ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን «ኢ»ን፣ «ኤል»ን፣ «ኤፍ»ንና «ኤን»ን በአንድ ጊዜ ይፈትሻል። ከአራቱ አንዷ ቀለም ካገኘች መልሱ ተገኘ፣ ሁሉም ግራጫ ከሆኑ እጩዎቹ አራት ብቻ ቀሩ። የታወቀውን ፊደል ሳትጠቀም አትለፍ የሚለው የጨዋታው ከባድ ዓይነት ይህን መውጫ ይዘጋል፤ ከባድነቱም እዚሁ ላይ ነው።

ጨዋታውን በፊደላችን ልሥራ የሚል ሰው የሚገጥመው ችግርም ከሻነን መለኪያ ይወጣል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ምልክቱ ይህን ያህል ሲበዛ እያንዳንዱ ሆሄ በአንድ ቃል ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ስለሚያንስ እያንዳንዱ ግምት «ኪው»ን እንደመጠየቅ ይሆናል። ሰሌዳ ተደብቆ ሰላም ብዬ ብገምት፣ በሦስት ቀለም ሕግ ሁለተኛው ሆሄ ግራጫ ነው። ላ እና ሌ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ሳይነገረኝ ይቀራል። ፀሐይን በየትኛው ጸ እና በየትኛው ሀ እንደምንጽፋት ገና አለመስማማታችን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ለአማርኛው ጨዋታ የሚነሣ ካለ፣ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቁጠር፣ ለ«ቤቱ ትክክል፣ ድምፁ ግን ሌላ» የሚሆን አራተኛ ቀለምም ይጨምር።