ለአንድ ሌሊት ወረፋ ባሕር ማቋረጥ

ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ለንደን ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ፒካዲሊ ጎዳና ላይ ካለው የዋተርስቶንስ መጽሐፍ መደብር ደጃፍ ተነሥቶ ሕንፃውን የከበበው ወረፋ ግን አልተበተነም። ገሚሱ ላስቲክ ለብሷል፣ ገሚሱ የጠንቋይ ካባውን ደርቦ ጃንጥላ ሥር ተጠግቷል፣ ከዚያ በፊት አስፋልት ዳር ያደረም አለ። ከለንደኖቹ ጋር ከአውሮፓ አገሮችና ከአትላንቲክ ማዶ የመጡ ወጣቶች ተሰልፈዋል። የሚጠብቁት ሰባተኛውንና የመጨረሻውን የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ነው። ይኸው መጽሐፍ ግን በዚያው ሌሊት በየአገራቸውም ይሸጥ ነበር። ሰው ደጁ ላይ የሚያገኘውን ዕቃ ለመግዛት ትኬት ቆርጦ፣ ሻንጣ ሸክፎ ባሕር የሚያቋርጠው ምን ሆኖ ነው?

ነገሩ በእንዲህ ያለ ግርግር አልተጀመረም። የእንግሊዙ አሳታሚ ብሉምስበሪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1997 ሲያወጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በጠንካራ ሽፋን ያሳተመው 500 ቅጂ ብቻ ነበር። ድንበር መሻገር የመጣው በሁለተኛው ነው። እንግሊዝ ውስጥ በጁላይ 1998 ወጥቶ አሜሪካ የደረሰው በጁን 1999 ነበርና፣ አንድ ዓመት መጠበቅ የከበዳቸው አሜሪካውያን ከእንግሊዙ አማዞን ማዘዝ ጀመሩ። የአሜሪካው አሳታሚ ስኮላስቲክ ገበያው በጓሮ በር ሲወጣበት አይቶ ሦስተኛውን አፋጠነው፤ የአንድ ዓመቱ ልዩነት ወደ ሁለት ወር ወረደ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ባሕር ያቋርጥ የነበረው እንግዲህ መጽሐፉ ራሱ ነው፤ በፖስታ ይሄዳል፣ በመንገደኛ ሻንጣ ይገባል፤ ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ሌሊቱ ከመምጣቱ በፊት አንድ አስቂኝ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሦስተኛው መጽሐፍ እንግሊዝ ውስጥ ጁላይ 8 ቀን 1999 ሲወጣ ሽያጩ የተጀመረው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ላይ ነው። ምክንያቱ ልጆች ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ነበር። አሳታሚዎቹ ሰዓት ራሱ ሊሸጥ እንደሚችል የገባቸው ያን ቀን ይመስለኛል። ልክ በዓመቱ፣ ጁላይ 8 ቀን 2000፣ አራተኛው መጽሐፍ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቀን፣ በእኩለ ሌሊት ወጣ። ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት ቤትም አላሳሰበም። ስኮላስቲክ ለመጀመሪያው ዙር ብቻ 3.8 ሚሊዮን ቅጂ አትሞ ነበር። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በዚያው ቀን ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በእንፋሎት ባቡር ተሳፍራ እስከ ስኮትላንዷ ፐርዝ እየፈረመች ተጓዘች። ጣቢያው ላይ የጋዜጠኛው ብዛት ጋርዷቸው ሊያይዋት ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ ሳያይዋት ተመለሱ።

የእኩለ ሌሊቱን ጉልበት የሰጠው ምስጢሩ ነው። ባለመደብሮች ካርቶኑን ከተባለው ደቂቃ በፊት ላለመክፈት ይፈርሙ ነበር። ጥበቃው ግን ሌባንም ፈታኝንም መሳቡ አልቀረም። በ2003 አምስተኛው መጽሐፍ ሊወጣ ሲል ሰፎክ ውስጥ ካለው ማተሚያ ቤት አንድ የፎርክሊፍት ሠራተኛ ገጾች ይዞ ወጥቶ ለጋዜጣ ሊሸጥ ሲሞክር ተያዘ፤ 180 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተፈረደበት። ቀናት ሲቀሩት ደግሞ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ 7,680 ቅጂ የጫነ መኪና ተሰረቀ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ የ2005ቱ ነው። ካናዳ ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት የስድስተኛውን መጽሐፍ 14 ቅጂ በስህተት ቀድሞ ሸጠ፤ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ገዢዎቹ ስለ መጽሐፉ እንዳያወሩ፣ እንዳያነቡትም ጭምር አዘዘ። በገንዘቡ የገዛውን ልብ ወለድ እንዳያነብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተከለከለ ሰው ከዚያ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህ ሁሉ የንግድ ስልት ነው፤ አሳታሚ ቅጂውን በአንድ ሌሊት ለማራገፍ የዘየደው ዘዴ። አድናቂዎቹ ግን ከዚያ ውስጥ ነጋዴው ያላሰበውን ነገር አወጡ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ታሪኩ በምን እንደሚያልቅ ከጥቂት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ሃያሲውም የ10 ዓመቱም ልጅ፣ ለንደኑም ሲድኒውም ባለማወቅ እኩል ናቸው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ያልፍና ሁሉም በአንድ ላይ ማወቅ ይጀምራል። መጽሐፉ የትም ይገኛል፤ ከሺህ ሰው ጋር አብሮ ያለማወቅን የመጨረሻ ሰዓት ማሳለፍ ግን የትም አይገኝም። ባሕር ያቋረጠው ወጣት የተሳፈረው ለዚህ ነው።

ገፊ ምክንያቱ በየአገሩ ይለያያል። በአውሮፓ ትልቁ የትርጉም መዘግየት ነበር። በ2003 የአምስተኛው መጽሐፍ የእንግሊዝኛ እትም ፈረንሳይ ውስጥ በሽያጭ ቁንጮ ላይ ወጣ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ በዚያ አገር እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። የሰባተኛው የፈረንሳይኛ ትርጉም ኦክቶበር 26 ቀን 2007 እስኪወጣ ከሦስት ወር በላይ ፈጀ። በመሃሉ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ ራሱ የተረጎመውን ኢንተርኔት ላይ በትኖ ፖሊስ እጅ ገባ። እንደዚህ ልጅ መጠበቅ ላልቻለ፣ እንግሊዝኛው ለሚገፋለት፣ ለንደን ቅርብ ነበረች። ርካሽ አየር መንገዶች ተስፋፍተዋል፤ ከፓሪስና ከብራስልስ የሚመጣው የዩሮስታር ባቡር ያኔ ገና ዋተርሉ ነበር የሚቆመው። ከዋተርሉ ቴምዝን ተሻግሮ ፒካዲሊ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

አሜሪካዊው የመጣው በሌላ ስሌት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ የሚጀመረው በየአካባቢው እኩለ ሌሊት ስለሆነ ለንደን ከኒው ዮርክ 5 ሰዓት፣ ከሎስ አንጀለስ 8 ሰዓት ትቀድማለች። የአገሩ ሰው ገና እራት ሲበላ እሱ ምዕራፍ እያገላበጠ ነው። አውስትራሊያ በለንደን ደቂቃ ስለከፈተች ሲድኒ ያለው አንባቢ ቁርሱን በልቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ ገዛ። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ያቺ ደቂቃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ያውም የሰንበት ሌሊት ላይ ዋለች።  የኢንዱስትሪና የንግድ ሚኒስትሩ ኤሊ ይሻይ በሰንበት የሚከፍት መደብር እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ፤ ስታይማትስኪ የተባለው የመጽሐፍ መደብር ድርጅት ግን ከመክፈት አልተመለሰም። አድናቂው ከመንግሥትና ከሃይማኖት ሥርዓት ጋር እንኳ የሚጋጭ ቀጠሮ ነበረው ማለት ነው።

ወረፋው የራሱ ደንብ ነበረው። ሽንት ቤት ለሚሄድ ከኋላው ያለው ተራውን ይጠብቅለታል፤ በብዙ መደብሮች እጅ ላይ አምባር ይታሰራል። አንዱ የቀደሙትን መጻሕፍት ደግሞ ያነባል፣ ሌላው ማን ይሞታል እያለ ይወራረዳል። ትልቁ ፍርሃት ታሪኩን ቀድሞ የሚያፈርጥ ነገረኛ ነበር። በ2005 መኪናቸውን በወረፋው ዳር እየነዱ የሚሞተውን ሰው ስም የጮኹ ነበሩና፣ በ2007 ጆሮውን ይዞ የሚቆም ሰው አልጠፋም። ሰዓቱ ሲደርስ ቆጠራ፣ ከዚያ እልልታ፤ ከዚያ የገዛው ሁሉ ከበሩ ወጥቶ እግሩ ባደረሰው መብራት ሥር ቁጭ። የ607 ገጽ መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ አንባቢ በመልሱ ባቡር ላይም አይጨርሰው።

ሮውሊንግ በዚያ ሌሊት የነበረችው በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው፤ ለ500 ልጆች አንብባ እስከ ንጋት ለ1,700 ሰው ፈረመች። ከባሕር ማዶ የመጣው አብዛኛው ሰው በዓይኑ አላያትም፤ ሊያያትም አልመጣም። በዚያው ሰሞን ለንደን ውስጥ የአድናቂዎች ጉባኤ ስለተጠራ እንግዳው ወዳጅም ወሬም አላጣም። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አሜሪካ ውስጥ 8.3 ሚሊዮን፣ ብሪታንያ ውስጥ 2.65 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ነጋዴው ግን ሁሉ አልፈነደቀም። የተለጠፈበት ዋጋ 17.99 ፓውንድ ሲሆን አስዳ የተባለው ሱፐርማርኬት በ5 ፓውንድ ቸበቸበው፤ ትናንሽ መጽሐፍ ሻጮች በዚያ ሌሊት በደስታ ደክመው በትርፍ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

በነገራችን ላይ የእኛም ሰው በዚያው ክረምት ለአንድ እኩለ ሌሊት ትኬት ሲቆርጥ ነበር። ከዋሽንግተንም ከስቶክሆልምም በእኛ አቆጣጠር 2000 ዓ.ም.ን አዲስ አበባ ለመቀበል የተነሣው ወገን ከፒካዲሊው ሌሊት ሰባት ሳምንት ያህል በኋላ ሚሌኒየም አዳራሽ ደረሰ። አዲስ ዓመት ዋሽንግተንም ይገባ ነበር። እሱም የሄደው አብሮ ለመሆን ነው፤ በቀን አቆጣጠራችን ቀኑ የሚጠባው ጎህ ሲቀድ መሆኑ እንኳ ማንንም አልከለከለም።

ከ2007 በኋላ ለመጽሐፍ የሚደረገው ጉዞ ቶሎ ቀዘቀዘ። በኖቬምበር 2007 አማዞን ኪንድል የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ለገበያ አቀረበ፤ መጽሐፍ በተባለው ደቂቃ ትራስ ድረስ መምጣት ጀመረ። ለሌሊት ድግሶች ሰፊ አዳራሽ የነበረው ቦርደርስ የተባለው የመጽሐፍ መደብር ድርጅት ብሪታንያ ውስጥ በ2009፣ አሜሪካ ውስጥ በ2011 ተዘጋ። በኦገስት 2008 ትዋይላይት የተባለው ተከታታይ ልብ ወለድ አራተኛ መጽሐፍ በእኩለ ሌሊት ወጥቶ በአንድ ቀን 1.3 ሚሊዮን ቅጂ ቢሸጥም፣ የዚያ ታሪክ አድናቂ ሲጓዝ የሚሄደው ታሪኩ ወደተመሠረተባት ፎርክስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ጃፓን ውስጥ የሃሩኪ ሙራካሚ ልብ ወለዶች በ2013ም በ2017ም በ2023ም በእኩለ ሌሊት ተሸጠዋል። ሙራካሚ በመላው ዓለም ተነባቢ ነው፤ ሆኖም ጃፓንኛ የማያነብ ሰው ለዚያ ብሎ ቶኪዮ ቢሄድ የሚያገኘው የማይከፈትለት መጽሐፍ ነው። የሃሪ ፖተር ጉዞ የእንግሊዝኛ ጸጋ እንደነበረ ከዚህ ይታያል።

በጁላይ 2015 የደራሲዋ የሃርፐር ሊ ሁለተኛ መጽሐፍ ሲወጣ በትውልድ ከተማቸው በአላባማዋ ሞንሮቪል ያለች ትንሽ መጽሐፍ ቤት በእኩለ ሌሊት ተከፈተች። በ2016 የሃሪ ፖተር ተውኔት ጽሑፍ ሲወጣም ሌሊቱ ተደገሰ፤ ብሪታንያ ውስጥ በሦስት ቀን 680,000 ቅጂ ሄደ። ለንደን ድረስ የሚያስመጣው ግን ፓላስ ቲያትር የሚታየው ተውኔቱ እንጂ መጽሐፉ አልነበረም። ለውጡን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2019 ነው። ማርጋሬት አትውድ አዲሱን ልብ ወለዳቸውን እዚያው ፒካዲሊ ዋተርስቶንስ በእኩለ ሌሊት አስጀመሩ፤ በዚያው ዕለት ምሽት ያደረጉት ውይይት ከ1,000 በላይ ሲኒማ ቤቶች በቀጥታ ተላለፈ። አድናቂው ወደ ደራሲዋ መሄዱ ቀርቶ ደራሲዋ ወደ ሰፈሩ ሲኒማ መጡለት። የሚያስደስት ነገር ነው፤ ለተጓዥ ግን ምክንያት ያሳጣል።

አሁን እኩለ ሌሊቱ ተመልሷል። በቲክቶክ አንባቢዎች ግፊት የሪቤካ ያሮስ መጻሕፍት በ2023ና በ2025 በየከተማው በእኩለ ሌሊት ተሸጡ፤ የጃንዋሪ 2025ቱ በመጀመሪያው ሳምንት 2.7 ሚሊዮን ቅጂ አወጣ። በማርች 2025 የሃንገር ጌምስ አዲስ መጽሐፍ በሳምንት 1.5 ሚሊዮን ሄደ። ቁጥሩ የድሮውን ይመስላል፤ ወረፋው ግን የሰፈር ወረፋ ነው። ዛሬ ባሕር የሚያቋርጠው ጠርዙ ቀለም የተቀባ፣ በአንድ አገር ብቻ የታተመ ልዩ እትም ነው፤ አንባቢዋ ከለንደን ታስመጣለች፣ ሳጥኑን በካሜራ ፊት ትከፍታለች። እንደ 1999 መጽሐፉ ይጓዛል፣ ሰው ይቀመጣል።

እግሩን ማንሣት የሚፈልግ አድናቂ ደግሞ የሃሪ ፖተር መጎብኛ ቦታ ተገንብቶለታል፦ አሜሪካ ኦርላንዶ ከ2010፣ ከለንደን ወጣ ያለው የሊቭስደን ስቱዲዮ ከ2012 ጀምሮ። እነዚህ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ ትኬት ያለው ይገባል፣ የሚጠበቅ ምስጢር የለም። ከጥንቱ ወረፋ ጋር የሚመሳሰለው በየሴፕቴምበር 1 በኪንግስ ክሮስ የሚሆነው ነው፤ በልብ ወለዱ ወደ ጥንቆላ ትምህርት ቤቱ የሚሄደው ባቡር የሚነሣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነውና ሕዝቡ ለዚያ ይሰበሰባል። በ2024 አዘጋጆቹ ዝግጅት ስለሌለ አትምጡ ብለው ነበር። መጡ። ሰዓቱ ሞልቶ የጣቢያው ሰሌዳ ባቡሩን ሳይጠራ ሲቀር ጮኹ።

ይህን ሁሉ ጉዞ ሳወራ ስለ ፓስፖርት ካላነሣሁ ጎደሎ ይሆናል። ፈረንሳዊው በ2007 መታወቂያውን ብቻ ይዞ ለንደን ገባ፤ አሜሪካዊው ቪዛ አላስፈለገውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ አድናቂ ግን የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤና የሳምንታት ጥበቃ ይጠብቀዋል፤ ከማመልከቻው ላይ የጉዞ ምክንያት በሚለው ቦታ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መጽሐፍ ልገዛ» ብሎ የሚሞላ ደፋርም እስካሁን አልገጠመኝም።