ሱሱንና የጦርነቱን ጠባሳ አብሮ ማከም

ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ሱስ ይዞት እርዳታ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «መጀመሪያ መጠጡን ተው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይታያል» የሚል ነው። ቤተሰብም፣ ወዳጅም፣ አንዳንዴም ባለሙያ ይህንኑ ይለዋል። ምክሩ ከቅን ልብ ቢመነጭም ቅደም ተከተሉ የተሳሳተ ነው። ብዙዎች የሚጠጡት ያዩትን ለመርሳት ነውና፣ የጦርነቱን ጠባሳ ሳያክሙ መጠጡን ብቻ መከልከል ሕመምተኛውን ከነሕመሙ ትቶ ማስታገሻውን መንጠቅ ይሆናል። ሁለቱ መታከም ያለባቸው ጎን ለጎን ነው። አሜሪካ ከቬትናም ጦርነት ወዲህ ያሳለፈችው ልምድም ይህንኑ ያስረዳል።

ሐኪሞች ፒቲኤስዲ የሚሉት ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም የታወቁ ምልክቶች አሉት፦ ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ፣ ያለፈውን የሚያስታውስ ሰውና ቦታ መሸሽ፣ ቁጡነት፣ ከሚወዱት ሰው ጋር እንኳ ስሜት ማጣት። አልኮል ለጊዜው እንቅልፍ ያመጣል፤ ነገር ግን ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ያንኑ እንቅልፍ ያውካል፣ መጠጡ በተቋረጠ ጊዜም ቅዠቱ በርትቶ ይመለሳል። ከሁሉም የከፋው ግን ሌላ ነው። ሰው ትዝታውን በመጠጥ በሸሸ ቁጥር አእምሮው «ያ አልፏል፤ አሁን ደኅና ነኝ» ብሎ የሚረጋጋበትን ዕድል ያጣል። በዚህ መንገድ ጠባሳው ሱሱን፣ ሱሱም ጠባሳውን እየመገቡ ይኖራሉ።

የቬትናም ታሪክ ግን በመጀመሪያ እይታ ይህን የሚቃረን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1971 በርካታ የአሜሪካ ወታደሮች ቬትናም ውስጥ ሄሮይን እንደሚጠቀሙ ሲታወቅ፣ የፕሬዚዳንት ኒክሰን መንግሥት ማንም ወታደር ሽንቱ ሳይመረመር ወደ አገሩ እንዳይመለስ አዘዘ። ተመላሾቹን ተከታትላ ያጠናችው ሊ ሮቢንስ፣ ከተራ ወታደሮቹ 20 በመቶ የሚሆኑት በዚያ ሳሉ ሱሰኛ እንደነበሩ፣ አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ግን ከእነዚህ ወደ ሱሱ የተመለሱት 5 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆኑ አገኘች። ታዲያ አካባቢ መለወጥ ብቻውን አይበቃም? ሄሮይኑን በተመለከተ ለብዙዎቹ በቅቷል። ጦርነቱ ግን በብዙዎች አእምሮ ውስጥ አብሯቸው አገር ገባ። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር ፒቲኤስዲን በሕመምነት የመዘገበው በ1980 ሲሆን፣ ለዚህም የዘማቾቹ ግፊት ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጣ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ቬትናም ከዘመቱት ወንዶች 15 በመቶ ያህሉ፣ ጦርነቱ ካበቃ ከአሥር ዓመት በኋላም ሕመሙ እንዳልለቀቃቸው አሳየ። የመጠጥ ችግርም በእነዚሁ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል።

ሌላው ተቃውሞ ከፍርሃት የሚነሣ ነው፦ «ገና እየጠጣ ያለን ሰው ስለ ጦርነቱ ማናገር ቁስሉን ቀስቅሶ ይበልጥ ወደ መጠጥ ይገፋዋል።» በ2019 የታተመ አንድ የሳንዲያጎ ጥናት ይህን በቀጥታ ፈትኗል። ፒቲኤስዲም የአልኮል ሱስም ያለባቸው 119 የቀድሞ ወታደሮች በሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ከሱስ ሕክምናው ጋር በባለሙያ እየታገዙ ያንኑ አሰቃቂ ትዝታ ደጋግመው እንዲጋፈጡ ሲደረግ፣ የቀሩት ትዝታውን ሳይነኩ ችግርን መቋቋሚያ ዘዴ ተማሩ። ትዝታቸውን የተጋፈጡት ከፒቲኤስዲ ምልክቶቻቸው የበለጠ እፎይታ አገኙ፤ መጠጡ ደግሞ በሁለቱም ወገን በተመሳሳይ መጠን ቀነሰ። እርግጥ ይህ ሕክምና ከባድ ነው፤ ሳይጨርሱት የሚያቋርጡ አሉ። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰውም በድንገት ቢያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊደርስበት ስለሚችል፣ በቅድሚያ በሐኪም ክትትል መጠጡ ከሰውነቱ መውጣት ይኖርበታል። ይህ ግን የቀናት ጉዳይ እንጂ የጠባሳውን ሕክምና ለዓመታት የማዘግያ ምክንያት አይደለም።

«ወኔ ቢኖረው በራሱ ይተወው ነበር» የሚሉም አሉ። በጦር ሜዳ ወኔውን ያስመሰከረን ሰው በወኔ ማጣት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በጎረቤታችን ሶማሊያ ከ8,000 በላይ ታጣቂዎችን ያነጋገረ ጥናት ፒቲኤስዲ ያለባቸው ሰዎች ጫት አብዝተው እንደሚቅሙና ብዙዎቹም ጦርነቱን ለመርሳት እንደሚረዳቸው መናገራቸውን አሳይቷል። መጠጡም ጫቱም ያው መርሻ ነው።

በእኛም አገር የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት የመመለስ ሥራ ጀምሯል። መቋቋሚያ ገንዘብና የሥራ ሥልጠና አስፈላጊ ናቸው፤ ሌሊቱን በቅዠት ለሚያሳልፍ ሰው ግን ብቻቸውን አይበቁም። ስለዚህ ተመላሾችን የሚቀበሉ ጤና ጣቢያዎች ስለ ሱሱ ሲጠይቁ ስለ እንቅልፉና ስለ ቅዠቱም ይጠይቁ። ቤተሰብም «መጠጡን ካልተውክ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ትቶ እየጠጣም ቢሆን ወደ ሕክምና ይውሰደው። ሊታከም የመጣን ሰው ገና አልዳንክም ብሎ ከደጅ መመለስ አይገባም።