ተጨማሪ መረጃ፦ ጳጉሜን ለምን ድርቅ ትመስላለች?

የደብረ ማርቆስን ዝናብ በፓይተንና በማትፕሎትሊብ በየወሩ ከፋፍሎ የሚስል ተማሪ መጀመሪያ የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው፤ «መስከረም» በጻፈበት ቦታ አምስት ሳጥኖች ይደረደራሉ። ማትፕሎትሊብ ካልተነገረው በቀር የሚጠቀምበት ዴጃቩ ሳንስ የተባለው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጭኖ ስሙን በፎንት ቅንብሩ ላይ መጻፍ ይበቃል።

ቀጥሎ ወሮቹ ይዘበራረቃሉ። ፓንዳስ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ በወር ስም ሲደምር በፊደል ተራ ስለሚያሰልፍ ሐምሌ ከመስከረም፣ ጥርም ከጥቅምት ይቀድማሉ። ትክክለኛውን ተራ አስቀድሞ መንገር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የጳጉሜን ነገር ነው። ከነሐሴ ረጅም አምድ አጠገብ አንዲት ድንክ አምድ ትቆማለች፤ ሥዕሉን ያየ ሰው በደብረ ማርቆስ ዝናቡ ድንገት የተቋረጠ ይመስለዋል። ያነሰው ግን የቀኑ ቁጥር ነው፤ ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ብቻ ናት። ስለዚህ የየወሩን ድምር ዝናቡ ለተለካባቸው ቀናት አካፍሎ በቀን ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ መሳል ይገባል። ያልተለካ ቀን በዜሮ አይሞላ፤ ዜሮ ማለት «አልዘነበም» ማለት ነው። ባዶ ከተተወ፣ የየቀኑ ዝናብ በመስመር ሲሳል ማትፕሎትሊብ መስመሩን እዚያው ላይ ይቆርጠዋል።