እድር የማይሸከመው ሸክም፤ በአዊ ምድር ደንበኛ ለሚሻ የመድን ወኪል

በኢትዮጵያ የመድን ሥራ የተጀመረው በወኪል እጅ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ራሱ መድን ሰጪ ሳይሆን ለውጭ አገር ኩባንያዎች እንደራሴ ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ያዋውል ነበር፤ በአገር ውስጥ የተቋቋመው የመጀመሪያው መድን ሰጪ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተወለደው ግን ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ዘግይቶ በ1943 ዓ.ም. ነው። ኩባንያዎቹ በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው ወደ አንድ የመንግሥት ድርጅት ከተጠቃለሉ በኋላም፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ለግል ባለሀብት በሩን መልሶ ከከፈተ በኋላም፣ ሕዝቡ ለመድን የሚከፍለው ዓረቦን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም፤ ከዚያውም ላይ ትልቁ እጅ የተሽከርካሪ መድን ነው። እንግዲህ የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ ይዞ በአዊ ምድር፣ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ሥራ የጀመረ ወጣት ደንበኛ አጣሁ ብሎ ቢያዝን፣ ኀዘኑ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የመላው ሙያ ኀዘን መሆኑን አስቀድሞ ሊረዳው ይገባል።

አዲስ ወኪል አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከአጎቱ፣ ከክርስትና አባቱና ከትምህርት ቤት ጓደኛው ነው። እነርሱም ልጃችን ሥራ ያዘልን ብለው፣ ስለ ውሉም ብዙ ሳይመረምሩ፣ በይሉኝታ ይፈርሙለታል። ነገር ግን የንብረትና የተሽከርካሪ መድን በየዓመቱ የሚታደስ ውል እንደ መሆኑ፣ የወኪሉ ኑሮ የሚጸናው በመጀመሪያው ፊርማ ሳይሆን በእድሳቱ ነው፤ በይሉኝታ የፈረመ ሰው ደግሞ ዓመቱ ሲዞር ይሉኝታው ተከፍሎ እንዳለቀ ዕዳ ስለሚቆጥረው፣ ወኪሉ ደንበኛውንም ዘመዱንም በአንድ ቀን ያጣል። ስለዚህ ወኪል ከዘመድ ደጅ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት የሚያስፈራ ነገር ያለበትን፣ ፍርሃቱንም ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ሰው ነው።

የአገራችን ሰው የመድንን ጥቅም አያውቅም የሚለውን ወቀሳ እኔ ከቶ አልቀበለውም። እድር ምንድን ነው? ብዙዎች በየወሩ ጥቂት እያዋጡ በአንዱ ላይ የወረደውን መከራ የሚካፈሉበት ሥርዓት አይደለምን? ያውም ብዙ ኩባንያዎች ያላገኙትን ጸጋ የታደለ ነው፤ አባላቱ ስለሚተዋወቁ በሐሰት ሞተብኝ የሚል የለም፣ ዳኛውም የሟቹን ቤት ለመመርመር ባለሙያ አይቀጥርም፣ ገንዘቡም ቀብሩ ሳይፈጸም ይደርሳል። በዚህ ሥራ ከእድር ጋር የሚወዳደር ወኪል ይሸነፋል፤ መሸነፉም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ እድር ጸንቶ የሚቆመው ሞት በየቤቱ በተራ በተራ እንጂ በአንድ ሌሊት በሁሉ ደጅ ስለማይመጣ ነው። መከራው አባላቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚመታ ሲሆን፣ ወይም የአንዱ ሰው ጉዳት ከመላው ማኅበር ሙዳይ የሚበልጥ ሲሆን፣ አዋጪውና ተረጂው አንድ ሰው ይሆንና ሥርዓቱ ይፈርሳል። የመድን ኩባንያ ጥበቡ ሁሉ በዚህ ላይ ነው፤ የዳንግላውን ጉዳት ከአዋሳና ከድሬ ዳዋ በተሰበሰበ ዓረቦን ይከፍላል፣ ከአቅሙ የሚበልጠውንም ለጠለፋ መድን ሰጪ ያካፍላል።

ለዚህ ነገር አዊ ራሱ ታላቅ ምስክር አለው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ያለው ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ከሰብሉ ጋር እያፈራረቀ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆርጦ ከሰል እያከሰለ፣ ከብዙ የገጠር ሕዝብ የተሻለ ጥሪት መያዙ በኢኮኖሚ አጥኚዎች ዘንድ ሲመሰገን የኖረ ነው። ዳሩ ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ እያየ ያንኑ አንድ ዛፍ ስለ ተከለ፣ በቅርብ ዓመታት የዛፍ በሽታ በገባ ጊዜ ያንዱ ማሳ ደርቆ የሌላው አልተረፈም፤ አበዳሪና ተበዳሪ፣ አዋጪና ተረጂ በአንድነት ተጎዱ። በእንዲህ ያለ ቀን እድርም ዕቁብም የሚያደርገው የለም። ወኪሉም ወደዚያ ሰው ሲሄድ ሁለት ነገር አብሮ ሊናገር ይገባዋል፤ አንደኛው ሀብትህ ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ነው የሚለው እውነት ሲሆን፣ ሁለተኛውና የሚከብደው ኩባንያዬ የዛፍ በሽታን አይሸፍንም፣ የሚሸፍነው ከሰሉን የሚያጓጉዘውን መኪናህንና ከከተማ የሠራኸውን ቤትህን ነው የሚለው ቃል ነው። ይህን ሁለተኛውን ቃል ለመናገር የማይደፍር ወኪል ዛሬ አንድ ውል ያገኛል፤ ነገ ግን መላው ቀበሌ ይዘጋበታል።

በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የሚሠራው የአይሱዙ፣ የሚኒባስና የባጃጅ ባለንብረት ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለመኪና የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ ስላለበት፣ ይህ ሰው መድን ግባ ተብሎ የሚሰበክ ሳይሆን ገብቶ የተቀመጠ ነው፤ ችግሩም የገባበትን አለማወቁ ነው። መስታወቱ ላይ ስቲከር ስለለጠፈ መኪናዬ መድን አላት ብሎ ያምናል፤ ስቲከሩ ግን የሚሸፍነው በመኪናው የሚጎዳውን ሌላ ሰውና የሌላ ሰው ንብረት እንጂ የገዛ መኪናውን አይደለም። መኪናው ተገልብጦ ወደ ኩባንያው በሄደ ጊዜ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ኢንሹራንስ ሌባ ነው የሚል ወሬ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ይነዛል። በእኔ አስተያየት በዳንግላ ላለ አዲስ ወኪል ከሁሉ የሚበልጠው የሥራ ቦታ መናኸሪያው ነው፤ ሥራውም በመጀመሪያ መሸጥ ሳይሆን እያንዳንዱ ባለመኪና በእጁ የያዘውን ውል አንብቦ መተርጎም ነው። ያለ ኮሚሽን ያነበበለት ሰው ሙሉ ሽፋን የሚፈልግ ቀን የሚጠራው እርሱን ነው።

ማንበብ ስል የምናገረው ስለ ከባድ ነገር ነው። ውሉ ብዙ ጊዜ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ በባንጃ ወይም በጓንጓ ገጠር ያደገ፣ ቤቱ የሚነጋገረው በአዊኛ የሆነ ሰው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አዊኛ ተናጋሪ የሆነ ወኪል በእጁ ያለው ሀብት ዋና ገንዘብ ካለው የከተማ ደላላ ይበልጣል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚሰበሰበውን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመለከተ ሰው ይህ ሕዝብ በእምነት ተሰብስቦ አንድ ነገር ሲያጸና ምን ያህል እንደሚጸና ያውቃል። በእንዲህ ያለ ምድር አሥር ሰዎችን ለየብቻ ከማሳመን አንዱን የእድር ዳኛ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር ማስረዳት ይቀላል፤ ለአባላቱ በአንድነት የሚገባ የቡድን የአደጋ ወይም የሕይወት መድንም ዓረቦኑ ለየብቻ ከሚገባው ይልቅ የሚቀል ስለሆነ የእድሩን ሥራ ሳይሽር ይደግፈዋል። ነገር ግን ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ እርስዎ ቢሞቱ ብሎ መጀመር ነውር ነው፤ የሚሻለው አባቴ፣ ባለፈው ክረምት ከማኅበርተኞችዎ መካከል ጉዳት ደርሶበት ሙዳዩ ያልበቃው ማን ነበር ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ዝም ብሎ መስማት ነው።

ከሰሙም በኋላ መታወቅ ያለበት አለ። በንግድ ሕጋችን መሠረት መድን ገቢው ሆን ብሎ እውነቱን የሸሸገ ወይም ሐሰት የተናገረ እንደሆነ ውሉ አይጸናለትም፤ ስለዚህ ሱቁ ጓሮ ነዳጅ ለሚያስቀምጥ ነጋዴ፣ ዓረቦኑ እንዳይበዛ ብሎ ነዳጅ የለም እያለ ቅጹን የሚሞላለት ወኪል ለወዳጁ ያደረገለት ክፉ ነገር ነው። ጦርነትና የእርስ በርስ ሁከትም ከተራው የንብረት ውል አብዛኛውን ጊዜ የተገለሉ ናቸው። በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት ከሆነው ግጭት አንጻር ይህን ሳይነግሩ መድን መሸጥ በኅሊና ፊት የሚያስጠይቅ መሆኑን ማንም አይስተውም።

ይህን ሁሉ ወኪሉ ቢፈጽም እንኳ የሥራው ግማሽ በኩባንያው እጅ ነው። ኩባንያዎች ወኪልን የሚመዝኑት ባመጣው ዓረቦን ነው፤ ካሳ በሚጠየቅበት ጊዜ ግን ፋይሉ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ባለጉዳዩም የፖሊስ ማስረጃውን፣ የጋራዥ ግምቱንና የሊብሬውን ቅጂ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ወኪሉ እንደ እንግዳ ቆሞ ያያል። በእንጅባራ አንድ ሰው የተቃጠለበትን ሱቅ ካሳ በወቅቱ ተቀብሎ መልሶ ሲከፍት፣ ያን ያየ ጎረቤት ያለ ስብከት ወደ ወኪሉ ይመጣል፤ ካሳው ዓመት ሙሉ ሲጓተት ያየ ጎረቤት ግን የወኪሉን ሰላምታ እንኳ አጥብቆ አይቀበልም። ስለዚህ መድን ሰጪዎቻችን ለወኪሎቻቸው የሽያጭ ሥልጠና ከሚሰጡት ጊዜ ላይ ቀንሰው የካሳ አቀራረብን ያስተምሯቸው፤ አነስተኛ ካሳዎች በቅርብ ቅርንጫፍ ተመርምረው እዚያው እንዲከፈሉ ሥልጣን ይስጡ፤ የወኪሉንም ኮሚሽን ከፊሉን ባደሰው ውልና ካሳውን ተከታትሎ ባስፈጸመለት ደንበኛ ልክ ያድርጉት።