ዋልያዎቹ እንዴት ያጠቃሉ?

ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጅቡቲ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተገናኝተው 1 ለ 1 ተለያዩ። መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጎረቤታሞች ዳግም ሲገጥሙ ኢትዮጵያ 6 ለ 1 አሸነፈች። በመሀሉ የኢትዮጵያ ቡድን አሰልጣኝ ተለውጧል፤ ገብረመድኅን ኃይሌ ሄዶ መሳይ ተፈሪ መጥቷል። ስለዚህ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ላይ ሆኖ ሁለቱንም ጨዋታ የተከታተለ ኢትዮጵያዊ «የጎል ድርቃችን ተፈታ፣ መድኃኒቱም አዲስ አሰልጣኝ ነበር» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ለማስረዳት ዋልያዎቹ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ጎል ፍለጋ ሲሄዱ ምን እንደሚያደርጉ፣ ያም ከአሰልጣኝ አሰልጣኝ እንዴት እንደተለዋወጠ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ስለ ቦታው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን ጅቡቲ ከተማ ከተቆረቆረችባቸው የኮራል አምባዎች አንዱ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር የተነሣው ከዚህች ከተማ ነው፤ ዛሬም አዲሱ ባቡር ሁለቱን ዋና ከተሞች ያገናኛል። እንዲህ የተቀራረቡ ሁለት አገሮች ግን ሁለቱንም ጨዋታ ያደረጉት ሞሮኮ ሄደው ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የሁለቱም አገሮች ስታዲየሞች ለእንዲህ ያለ ውድድር ብቁ አይደሉም ስላለ ነው። ባቡር ተሳፍሮ ሊሄድ የሚችል ደጋፊ በቴሌቪዥን ብቻ አየ። ይህ ነገር ከማጥቃት ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። በጣም ይገናኛል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማጥቃት የሚጀመረው ከአጥቂው አይደለም። አሰልጣኞች ሜዳውን ከግብ እስከ ግብ በሦስት ይከፍሉታል። በራሳችን ሲሶ ግብ ጠባቂው ኳሱን ሲይዝ ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ግራና ቀኝ ይለያያሉ፣ የመስመር ተከላካዮቹ ከፍ ይላሉ፣ የተከላካይ አማካዩ በመሀላቸው ኳስ ሊቀበል ይወርዳል። ተመልካች ይህን ሲያይ «ለምን ወደፊት አይመቱትም?» ብሎ ይበሳጫል። ዓላማው የተጋጣሚን አጥቂዎች መሳብ ነው። እነሱ ሊነጥቁ በወጡ ቁጥር ከኋላቸው ሜዳ ይከፈታል። በመሀለኛው ሲሶ ቁልፉ አማካዩ ኳሱን ሲቀበል ፊቱ ወደ የት ነው የሚለው ነው። ጀርባውን ለተጋጣሚ ግብ ሰጥቶ ከተቀበለ ኳሱ ተመልሶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ገና ሳይደርሰው ሰውነቱን ካዞረ ግን አንድ ንክኪ ብቻ ሁለት ሦስት ተጫዋች ያስቀራል። የመጨረሻው ሲሶ ግን ሌላ ሕግ አለው። እዚያ ቅብብል ብቻውን አያደርስም። ኳስ የሌለው ሰው ከተከላካዮች ጀርባ መሮጥ አለበት፣ ከመስመር የሚያሻማ ሰው ያስፈልጋል፣ ኳሱ ሲሻማም ሳጥኑ ውስጥ ሦስት አራት ሰው መገኘት አለበት። የኢትዮጵያ እግር ኳስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲሶዎች ጥሩ ትምህርት ቤት አለው። የሚቸግረው ሦስተኛው ነው።

የዚህ የቅብብል ትምህርት ቤት ዋነኛ ቤት ኢትዮጵያ ቡና ነው። ውበቱ አባተ በ2003 ዓ.ም. ቡናን ለመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያበቃው ኳስን መሠረት ባደረገ አጨዋወት ነው። ከዓመታት በኋላ የቡና የቀድሞ ተጫዋች ካሳዬ አራጌ ከአሜሪካ ተመልሶ ክለቡን ሲይዝ ያንኑ መንገድ ይበልጥ አጥብቆ ሄደበት። በ2013 ዓ.ም. አጥቂው አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር አሰልጣኙ ካሳዬ ነበር። ዋንጫውን ግን ፋሲል ከነማ ወሰደ፣ ቡና ሁለተኛ ሆነ። የካሳዬ ቡና ግብ ጠባቂው ጭምር ተጫዋች የሆነበት፣ ረጅም ኳስ እንደ ጥፋት የሚታይበት ቡድን ነበር። ብዙዎች ተቹት፤ በራሱ ሳጥን አጠገብ ኳስ ተነጥቆ የሚገባበት ጊዜ ስለነበር ትችቱ መሠረት አልነበረውም አይባልም። እኔ ግን አንድ ተመልካች የስታዲየም ትኬት ቆርጦ የገባበትን የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ቡድን ነው ባይ ነኝ።

ውበቱ በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ሲይዝ ይህንኑ ትምህርት ይዞ ገባ። አሰላለፉ በአብዛኛው 4-3-3 ሲሆን የማጥቃቱ ራስ ሽመልስ በቀለ ነበር። ሽመልስ በግብፅ ሊግ ለዓመታት የተጫወተ፣ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዙሪያውን የሚያይ አማካይ ነው። ከሱ ፊት አቡበከር ናስር፣ ዳዋ ሆቴሳ፣ ጌታነህ ከበደ፣ አማኑኤል ገብረሚካኤል ይፈራረቁ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባ ላይ ኒጀር 3 ለ 0፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካር 4 ለ 0 ተሸነፉ። በሁለት የሜዳ ጨዋታ ሰባት ጎል ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ራቃት የአፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በነዚህ ጎሎች ነው።

ካሜሩን ላይ ግን ነገሩ ከበደ። በመጀመሪያው ጨዋታ ከኬፕ ቨርድ ጋር ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ በአሥር ሰው ኳስ ለማንሸራሸር የሚሞክር ቡድን 1 ለ 0 ተሸነፈ። ከአዘጋጇ ጋር ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ አገር ምድሩን አስጮኸ፣ መጨረሻው ግን 4 ለ 1 ሆነ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ጌታነህ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ 1 ለ 1። በሦስት ጨዋታ ሁለት ጎል፣ አንዱ ፍጹም ቅጣት ምት። ከዚያ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. መጣና ዋልያዎቹ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ረቱ። ያስቆጠሩት ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው። ሞሐመድ ሳላህ ባይኖርም ግብፅ ግብፅ ናት፤ ያ ቀን የውበቱ ሐሳብ ሦስቱንም ሲሶ የተሻገረበት ቀን ነበር። ልክ በሁለተኛው ዓመቱ፣ በዚያው በሰኔ 2፣ ይኸው ቡድን ከጅቡቲ ጋር 1 ለ 1 መለያየቱን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ውበቱ በ2015 ዓ.ም. ተሰናበተ። ከሱ በኋላ የመጣው ገብረመድኅን ኃይሌ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቀሌ 70 እንደርታን፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት ሁለት የተለያዩ ክለቦችን ሻምፒዮን አድርጓል። ጥንቃቄ የሚወድ፣ መስመሩን አጥብቆ በመልሶ ማጥቃት የሚያምን ነው። ይህን ለማጣጣል የሚነሣ ሁሉ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል፤ በሁለቱም ዓመት የሊጉ ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ የወጣው ከሱ ቡድን ነው። በጅማ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ፣ በመቀሌ አማኑኤል ገብረሚካኤል። ጥቂት ዕድል አግኝቶ የሚጨርስ አጥቂ ሲኖር የገብረመድኅን መንገድ ይሠራል። ችግሩ ብሔራዊ ቡድን ሰው ከውጭ አያስፈርምም። ኦኪኪን የመሰለ ከተከላካይ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገፍቶ የሚያሸንፍ አጥቂ አገር ውስጥ ካልበቀለ አሰልጣኙ ከየት ያመጣዋል? በዓለም ዋንጫ ማጣሪያው በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ውጤቱ ከሴራሊዮን 0 ለ 0፣ በቡርኪና ፋሶ 3 ለ 0 ሽንፈት፣ ከጊኒ ቢሳው 0 ለ 0፣ ከጅቡቲ 1 ለ 1 ነበር። አራት ጨዋታ፣ አንድ ጎል። ያ አንድ ጎል ደግሞ ጅቡቲ በዚያ ምድብ ያገኘችውን ብቸኛ ነጥብ ሊከለክል አልቻለም።

መሳይ ተፈሪ ሲመጣ ያ 6 ለ 1 መጣ። ደስ ይላል፤ በዚያ ምሽት ያልተደሰተ ደጋፊ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ያለውን አብረን እንይ። ከጅቡቲው ጨዋታ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ በግብፅ 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ በኋላ ዳግም በግብፅ 2 ለ 0፣ በሴራሊዮንም 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ከዚያ ጊኒ ቢሳው 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ መዝጊያው በቡርኪና ፋሶ 3 ለ 1 ሽንፈት። ማጣሪያው ሲያልቅ ኢትዮጵያ በአሥር ጨዋታ ዘጠኝ ጎል ነበራት። ስድስቱ በአንድ ምሽት የተገኙ ናቸው። በቀሩት ዘጠኝ ጨዋታዎች፣ ማለትም በሁለት አሰልጣኝ ዘመን፣ ሦስት ጎል ብቻ። እንግዲህ አሰልጣኝ መለወጡ የጎል ድርቁን ፈታው የሚል ሰው ይህን ቁጥር ማስረዳት አለበት።

የኔ ግምት ሌላ ነው። ወደ ሜዳው ጉዳይ እመለሳለሁ። ኒጀር ሦስት፣ ማዳጋስካር አራት የገባባቸው አዲስ አበባና ባሕር ዳር ነው። በአብርሃም መብራቱ ዘመን፣ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር፣ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 የረታነው ባሕር ዳር ላይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናቸው። አጭር ቅብብል የሚጫወት ቡድን ተጋጣሚውን የሚያደክመው በሩጫ ነው፤ ከፍታ ላይ ያ ድካም በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ይታያል፣ ተከላካይ አንድ እርምጃ ይዘገያል፣ ከጀርባው ያለው ሜዳ ይከፈታል። ሣሩን ያውቁታል፣ የኳሱን አነጣጠር ያውቁታል፣ ከኋላቸው ሕዝብ አለ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር ላይ 3 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ ዋልያዎቹ «የሜዳችን» የሚሉትን ጨዋታ በጆሃንስበርግ፣ በሊሎንግዌ፣ በሞሮኮ አደረጉ። በየጨዋታው እንግዳ ነበሩ። አጨዋወታቸው የተሠራው ግን ለባለቤት ነው። የግብፁን ድል አንሥቶ «ሊሎንግዌስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን አንድ ድንቅ ቀን ነው፣ ልማድ አልሆነም።

ይህ ለጅቡቲም ይሠራል። ሐምሌ 28 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ዋንጫ፣ በቻን፣ ማጣሪያ ጅቡቲዎች ባቡሩ የሚያልፍባት ድሬዳዋ መጥተው 4 ለ 3 ተሸነፉ። ቢሸነፉም ሦስት ጎል ከሜዳቸው ውጪ አስቆጥረዋል። ቡድኑን ያሠለጥን የነበረው ፈረንሳዊው ጁልየን ሜት ነው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ነሐሴ 29፣ ጅቡቲ ከተማ ላይ በራሳቸው ሕዝብ ፊት ኢስዋቲኒን 2 ለ 1 አሸንፈው፣ በመልሱ 0 ለ 0 ወጥተው ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድብ አለፉ። ለዚያች አገር እግር ኳስ ታላቅ ቀን ነበር። ምድቡ ሲጀመር ግን የሜዳቸውን ጨዋታ በሞሮኮና በግብፅ አደረጉ፤ በስድስት ጨዋታ አራት አስቆጥረው 29 ገባባቸው። የምድብ ተጋጣሚዎቻቸው አልጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ከነሱ እጅግ እንደሚበልጡ ግልጽ ነው፤ ግን ደሃ ቡድን ያለውን አንድ መሣሪያ፣ የራሱን ሜዳ፣ ሲነጠቅ ምን እንደሚቀረው ታሪኩ ያሳያል።

ድሬዳዋን ካነሣሁ ሉቻኖ ቫሳሎን ሳልጠቅስ አላልፍም። በድሬዳዋ ጥጥ የተጫወተው ይህ አማካይ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው ቡድን አምበል ነበር። አራቱን ጎል ግርማ ተክሌ፣ ራሱ ሉቻኖ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩ፤ አራት ጎል፣ አራት ሰው። ሉቻኖ በደርግ ዘመን ከአገር ሲሰደድ መንገዱ በጅቡቲ በኩል ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጣሊያን ውስጥ አረፈ። ያ ቡድን ከተለያየ አቅጣጫ፣ ከአማካይም ከአጥቂም ጎል ያገኝ ነበር። ዛሬ የጎደለን ይህ ነው። ሽመልስ ሲያዝ የሚቆም፣ አቡበከር ሲጎዳ የሚደርቅ ማጥቃት አሰልጣኝ ቢለዋወጥ አይለወጥም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ለመንግሥት ነው። መጀመሪያ አንድ ስታዲየም፣ አንድ ብቻ፣ ካፍ በሚፈልገው ደረጃ ይጠናቀቅ። ሁለተኛ፣ አሰልጣኝ ማንም ይሁን ማን፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ማጣሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰጠው፤ ተጫዋች የመጨረሻውን ሲሶ ሩጫ የሚለምደው በሁለት የልምምድ ሳምንት አይደለም። ክለቦችም ለጎል ሁሉ ከውጭ የሚመጣ አጥቂ ከመጠበቅ የሚጨርስ ልጅ ከሥር ያሳድጉ።

ፕላቶ ዱ ሰርፓን ላይ ያላችሁ አንባቢዎችም ዋልያዎቹ ሲጫወቱ ኳሱን ብቻ አትከተሉ። ኳሱ ወደ መስመር ሲወጣ ዓይናችሁን ወደ ሳጥኑ አድርጉና ስንት የዋልያዎቹ ማልያ እንደገባ ቁጠሩ። አንድ ወይም ሁለት ከሆነ የአሰልጣኙ ስም ማንም ይሁን ጎሉ አይመጣም፤ አራት ሲሆን ተነሥታችሁ ቁሙ።